ያልቀላው ዓይን

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ዓይን ጉድጓድ ስብራት ታሪክ ነው።

ዓይናችን የተቀመጠበት ጉድጓድ ጠርዙ ወፍራም አጥንት ሲሆን ወለሉ ግን ስስ ነው። ከወለሉ ሥር በላይኛው የመንጋጋ አጥንት ውስጥ አየር የያዘ ባዶ ክፍል አለ። ታዲያ ኳስ ወይም ቡጢ ዓይንን ሲመታ ጠርዙ ተርፎ ወለሉ ብቻ የሚሰበረው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1957 ባይሮን ስሚዝና ዊሊያም ሬገን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን በሙከራ ፈተሹት። በአስከሬን የተከደነ ዓይን ላይ አየርላንዶች የሚጫወቱበትን ጠንካራ የኸርሊንግ ኳስ አስቀምጠው በመዶሻ መቱት። ወለሉ ተሰበረ። ለጆሮ የሚከብድ ሙከራ ነው፤ ቢሆንም ዓይን ወደ ኋላ ሲገፋ በጉድጓዱ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ደካማውን አጥንት እንደሚሰብር አመለከተ። ጠርዙን ያገኘው ምት ራሱ ወለሉን አጉብጦ ይሰብራል የሚሉም ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱም እንደሚያጋጥሙ ይታመናል።

ከዚያ ወዲህ ስብራቱን ፈጥኖ በቀዶ ሕክምና መጠገን ተለመደ። እ.ኤ.አ. በ1974 ግን አለን ፑተርማንና ባልደረቦቻቸው ያለ ቀዶ ሕክምና የተከታተሏቸውን ሕሙማን ውጤት አሳተሙ። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየቱ በአብዛኞቹ ላይ በጊዜ ቀለለ። «እብጠቱ እስኪጎድል እንጠብቅ» የሚሉት ሐኪሞች በረቱ፤ ለብዙ አዋቂዎችም ትክክል ነበሩ።

ልጆች ላይ ግን ይህ ትዕግሥት ጉዳት አለው። የልጅ አጥንት ለምለም ስለሆነ እንደ በር ተከፍቶ መልሶ ይገጥማል፤ ሲገጥም ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ ይቆነጥጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ጆርዳንና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ያለውን ስብራት «ነጭ ዓይን» ብለው ገለጹት፤ ዓይኑ አይቀላም፣ እምብዛም አያብጥም። እናት «ዓይኑ እኮ ደህና ነው» ብትል አይፈረድባትም። ልጁ ግን ወደ ላይ እይ ሲባል የተመታው ዓይን አይከተልም፣ ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አንዳንዴም የልብ ምቱ ይቀንሳል። ትውከቱ የጭንቅላት ጉዳት ስለሚመስል ዓይኑ ይረሳል። ሲቲ ስካንም ቢነሳ ስንጥቁ ጠባብ ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል። የተቆነጠጠው ጡንቻ ደም ካጣ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው በቶሎ፣ ከተቻለ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መሆን አለበት።

ልጃችሁ ዓይኑን ከተመታ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ጣታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች በዓይኑ እንዲከተል አድርጉ። ዓይኑን አትጫኑበት፤ ሐኪም እስኪያየውም በኃይል አይናፈጥ፤ አየሩ በስንጥቁ ወደ ዓይን ጉድጓድ ይገባል።