የኢሜይል ማጣሪያ ሸክም እንዴት እንደ ቀለለ

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ስፓም የሚባለው ያልተፈለገ ኢሜይል ሲጣራ በሰርቨሩ ላይ የሚወድቀው የሥራ ጫና በየጊዜው በምን ዘዴ እንደ ተቃለለ ማስረዳት ነው። ብዙ ሰዎች የዚህ ታሪክ ዋና ነገር ደብዳቤን አጥርቶ የመመርመር ጥበብ ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው የምርመራው ቅደም ተከተል ነው እንላለን።

ችግሩ የታወቀው ስፓም ሳይስፋፋ ነው። ጆን ፖስተል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 1975 ዓ.ም. ባወጣው አርኤፍሲ 706 በተባለው አጭር ጽሑፍ፥ በአርፓኔት ላይ ያለ ኮምፒዩተር የሚፈልገውን መልእክት ለማግኘት የተላከለትን ሁሉ ለማንበብ እንደሚገደድ፥ ስለዚህም የተበላሸ ላኪ ብቻውን ሥራውን ሊያስተጓጉልበት እንደሚችል አመለከተ። የሰጠውም አሳብ መልእክቱ ከተቀባዩ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዲታገድ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ፖል ቪክሲ የስፓም ላኪዎችን የአይፒ አድራሻ የያዘ መዝገብ በሥራ ላይ አዋለ። በዚህ መዝገብ የሚጠቀም ሰርቨር የላኪውን አድራሻ ብቻ ጠይቆ፥ ደብዳቤውን ሳያነብ በር ላይ ይመልሰዋል።

በ2001 ዓ.ም. ጀስቲን ሜሰን ያወጣው ስፓምአሳሲን ግን ደብዳቤውን በብዙ ደንቦች እየፈተነ ነጥብ ይሰጣል። ፕሮግራሙ የተጻፈው በፐርል ስለ ሆነ፥ ለያንዳንዱ ደብዳቤ እንደ አዲስ ቢነሣ ደንቦቹን ሁሉ እንደገና መጫን ግድ ይሆንበታል። በዚህ ምክንያት ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ስፓምዲ ደንቦቹን ይዞ ዘወትር ነቅቶ ይጠብቃል፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ቀላሉ ስፓምሲ ደብዳቤውን ያመላልሳል። በአንድ ጊዜ የሚሠሩት መርማሪዎችም ቍጥር ተወሰነ፤ ከሜሞሪው ዐቅም በላይ ከበዙ ኮምፒዩተሩ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምርና ሁሉም ይጓተታሉ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው 3.2 እትም ደግሞ ደንቦቹን ወደ ሲ ለውጦ የማዘጋጀትንና ፍርዱ ሲታወቅ የቀረውን ምርመራ የማቋረጥን ዘዴ ጨመረ።

በመካከሉ፥ በ2003 ዓ.ም.፥ ኢቫን ሃሪስ ግሬይሊስቲንግ የተባለውን ዘዴ አቀረበ። ይኸውም የማይታወቅን ላኪ «ቈይተህ ተመለስ» ብሎ መመለስ ነው። ደንበኛው ሰርቨር ጥቂት ቈይቶ ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት የስፓም ላኪዎች ብዙዎቹ ግን አይመለሱም ነበር።

ይሁን እንጂ ከሰርቨሩ ላይ የወረደው ሸክም ጨርሶ አልጠፋም፤ ከፊሉ ወደ ሰው ተዛወረ። በግሬይሊስቲንግ ምክንያት አስቸኳይ ደብዳቤ ይዘገያል፤ ከስፓም ላኪ ጋር አንድ አድራሻ የተጋራ ንጹሕ ሰውም በመዝገቡ ምክንያት ይታገዳል። ስለዚህ ርካሹ ምርመራ ይቅደም የሚለውን ደንብ ብንደግፍም፥ በር ላይ የሚመለሰው ጥፋቱ የተረጋገጠው ብቻ ሊሆን ይገባል እንላለን፤ አጠራጣሪው ግን ድካም ቢያስከትልም ሊነበብ ይገባዋል።