የተለወጠውን ዕውቀት ስለ ማድረስ፤ ከጭላሎ ማሳ እስከ ድረ ገጽ

ትምህርት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። የተማሩት ነገር ሲለወጥ የለውጡ ወሬ በጊዜው ካልደረሰ፣ ትናንት የጠቀመው ዕውቀት ዛሬ ይጎዳል። ለዚህም የአርሲ ደጋ የስንዴ እርሻ ታሪክ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምኅጻሩ ካዱ፣ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ለማስተዋወቅ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየአካባቢው መደበ፤ አርአያ ገበሬዎችም አዲሱን አሠራር በየማሳቸው እንዲያሳዩ አደረገ። ገበሬው የጎረቤቱን ማሳ በዐይኑ አይቶ እንዲያምን የታሰበ ዘዴ ነበር። ይሁን እንጂ ወሬው የሚጓዘው በሰው እግር ስለ ሆነ፣ ፍጥነቱ ከሠራተኛው መንገድ አይበልጥም ነበር።

የዝግመቱ አደጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ኋላ የመጣው የዋግ በሽታ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ስለ ጎዳ፣ ብዙ ገበሬዎች ወደ ዲጋሉ ዞሩ። በ2013 ደግሞ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ዲጋሉን አጠቃ። ስለዚህ በሦስት ዓመት ውስጥ ትክክለኛው ምክር ስሕተት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2014 በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት የወሬውን አካሄድ ለወጠ። ገበሬው ደውሎ ምክር ከማዳመጡ ሌላ፣ ለተመዘገበው ሰው ማስጠንቀቂያው ራሱ ወደ ስልኩ ይላክ ጀመር።

በኢንተርኔትም ዓለም ተመሳሳይ ችግር ቀደም ሲል መፍትሔ ተፈልጎለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ያወጣው አር ኤስ ኤስ፣ በ2005 ደግሞ ደረጃ የወጣለት አቶም፣ አሠራራቸው አንድ ነው። ድረ ገጹ የአዳዲስ ጽሑፎቹን ርእስ፣ ቀንና አድራሻ በአንድ ዝርዝር ያሰፍራል፤ የአንባቢው ፕሮግራም ዝርዝሩን በየጊዜው እየጠየቀ አዲሱን ብቻ ለይቶ ያቀርባል። አንባቢውም መቶ ገጾችን በየቀኑ ከመክፈት ይድናል። ጉግል ሪደር የተባለው ታዋቂ ማንበቢያ በ2013 ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ ዝርዝራቸውን ይዘው ወደ ሌላ ማንበቢያ ሊሻገሩ ችለዋል፤ ዘዴው የአንድ ኩባንያ ንብረት አልነበረምና።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ መረጃ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ጽሑፉን ድረ ገጽ ላይ ማስፈሩ ብቻ አይበቃውም፤ የተለወጠውን ከነቀኑ የሚያሳይ ዝርዝር ሊያያይዝለት ይገባል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው እውነቱንም ስሕተቱንም በእኩል ፍጥነት ስለሚያደርስ መርማሪ ሰው ያሻዋል። ስለሆነም በየመምህራን ማሠልጠኛው ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት አንድ መምህር ለውጡን እንዲከታተል፣ መርምሮም ከነቀኑ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፍ ቢደረግ፣ ኢንተርኔት የማይደርሰው ባልደረባም ከጥቅሙ ይካፈላል። የካዱ ሠራተኛ በእግሩ ይፈጽመው የነበረው ተግባር ዛሬም አልቀረም፤ የቀለለው መንገዱ ነው።