ሕጉ በሚገባን ቋንቋ ይነገረን



በአገራችን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። እንኳን የሚሄድ ሰው፣ የሚፈስ ውኃም ይቆማል ይባላል። ሁለቱም ማንበብ ባይችሉ እንኳ ሕግ የሁሉም መሆኑን ያውቃሉ። እዚህ ሃይፋ ግን የፖስታ ሣጥናችሁን ስትከፍቱ በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ታገኛላችሁ። የምትፈርሙበት ቦታ ይታያችኋል፤ የምትፈርሙበትን ነገር ግን አታውቁም። ይህ ጭንቀት የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ350 ዓመት በፊት እንግሊዛውያን በገዛ አገራቸው በዚሁ ይቸገሩ ነበር።

ጆን ሊልበርን በለንደን ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሥራ የሚማር ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1637 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ በሆላንድ የታተሙ መጻሕፍት አስገብተሃል ተብሎ ተያዘና «ስታር ቼምበር» ወደሚባለው የንጉሡ ችሎት ቀረበ። በዚያ ችሎት ተከሳሹ ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ፣ ለሚጠየቀው ሁሉ እውነቱን ሊናገር አስቀድሞ ይምል ነበር። ሊልበርን ግን በራሴ ላይ ምስክር አልሆንም ብሎ አልምልም አለ። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር ከጋሪ ኋላ ታስሮ እየተገረፈ በከተማው ጎዳና ተነዳ። በአደባባይ አንገቱ በእንጨት ተይዞ ቆሞም ለሕዝቡ መናገሩን አልተወም። ችሎቱ በ1641 ፈረሰ።

ንጉሡና ፓርላማው ጦርነት ሲገጥሙ ሊልበርን ለፓርላማው ተዋጋ። ፓርላማው ራሱ ሕግ ሲጥስ ግን እሱንም ተቃወመ፤ ስለዚህም ደጋግሞ ታሰረ። በ1645 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሣ። የእንግሊዝ ሕግ የሚጻፈው በላቲንና በፈረንሳይኛ ነበር፤ ታዲያ ሕዝቡ ሊያነበው በማይችለው ሕግ እንዴት ይፈረድበታል? ሊልበርንና ጓደኞቹ «ሌቬለርስ» ተባሉ፤ እኩል አድራጊዎች እንደ ማለት ነው። በ1647 የወጣው «የሕዝብ ስምምነት» የተባለው ጽሑፋቸው ሥልጣን የሚመነጨው ከሕዝብ ነው፣ ሕግም ትልቁንና ትንሹን እኩል ይግዛ ይላል። በ1649 ሊልበርን በአገር ክህደት ተከሶ በሞት ሊፈረድበት ሲል አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ዳኝተው ነጻ አወጡት። በ1650 ሕጉ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ ታዘዘ፤ ንጉሡ በ1660 ሲመለስ ግን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ለዘለቄታው የተወሰነው በ1731 ነው፤ ሊልበርን ከሞተ ከ74 ዓመት በኋላ።

እኛም ይህን ነገር እናውቀዋለን። ፍትሐ ነገሥት በግዕዝ የተጻፈ በመሆኑ ባላገሩ የሚሰማው ሊቃውንት ሲተረጉሙለት ነበር። ኦሪታችንንም ቄሶቻችን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይፈቱልን ነበር። ቃሉ ከባድ ቢሆንም የሚፈታልን ሰው አላጣንም።

ይህ ታሪክ ከሃይፋ ጋር ምን ያገናኘዋል? እንግሊዞች ይህችን አገር እስከ 1948 ሲገዙ ሕጋቸውን ይዘው መጡ። በ1933 የወጣው የጋዜጣ ደንብ መንግሥት ለሰላም ያሰጋል ያለውን ጋዜጣ እንዲዘጋ ይፈቅድ ነበር፤ እስራኤል ከተመሠረተች በኋላም በሥራ ላይ ቆየ። በ1953 የአገር ግዛት ሚኒስትሩ በዚህ ደንብ ሁለት የኮሙኒስት ጋዜጦችን ለጥቂት ቀናት ዘጋ። አንዱ በዕብራይስጥ የሚወጣው «ቆል ሃዓም» ሲሆን ሌላው እዚሁ ሃይፋ በ1944 የተመሠረተው የዐረብኛው «አል ኢቲሓድ» ነበር። ጋዜጦቹ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሺምዖን አግራናት ነበሩ፤ እሳቸውም ከአሜሪካ መጥተው በሃይፋ ጠበቃና ዳኛ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። አግራናት ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የሕግ መጻሕፍት ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አስረዱ፤ ገዥ የሕዝብ ጌታ ከሆነ መንቀፉ ወንጀል ይሆናል፤ መንግሥት የሕዝብ ወኪል ከሆነ ግን ሕዝብ ወኪሉን መንቀፍ ይችላል። አደጋው በእርግጥ የቀረበ ካልሆነ በቀር ጋዜጣ አይዘጋም ብለው ሁለቱንም ትእዛዞች ሻሩ። ሐሳቡ ከ1647ቱ ጽሑፍ ጋር ዘመድ ነው።

ዛሬም ሊልበርን የጠየቃቸው ነገሮች በእስራኤል ሕግ ውስጥ አሉ፤ ካልጠየቃችኋቸው ግን ራሳቸው አይመጡላችሁም። በ2002 የወጣ ሕግ ፖሊስ ተጠርጣሪን በቋንቋው ወይም በሚረዳውና በሚናገረው ቋንቋ እንዲመረምር ያዛል። ተጠርጣሪ ዝም የማለት መብት አለው፤ ሆኖም ዝምታው የከሳሽን ማስረጃ ሊያጠናክር ስለሚችል አስቀድሞ ጠበቃ ማማከር ይሻላል። በወንጀል ችሎት ዕብራይስጥ ለማያውቅ ተከሳሽ ማስተርጎም ግዴታ ነው። በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግም ሐኪሙ ሕክምናውን በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዳችሁ ይጠይቃል።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። «አልገባኝም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ነውር አይደለም። የአሥር ዓመት ልጃችሁ የአባቱን ሕመም ለሐኪም፣ የእናቱን ችግር ለቢሮ ሠራተኛ እንዲተረጉም አታድርጉት፤ ለሕፃን ትከሻ ከባድ ሸክም ነው፣ በቤትም ውስጥ የወላጅን ክብር ይነካል። አዋቂ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከለከሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። «በሕግ አምላክ» ያሉ አባቶች ልጆች ናችሁና በዚህም አገር ሕጉ የእናንተም ነው።