ቤዝን ለትናንሽ ስፒከሮች ሚክስ ማድረግ

ቤዝን ለትናንሽ ስፒከሮች ሚክስ ማድረግ በሙዚቃ ቀረጻ ሥራ ውስጥ ቤዝ ጊታርንና ሌሎች ወፍራም ድምፆችን በስልክ፣ በላፕቶፕና በትንሽ ሬዲዮ ላይም እንዲሰሙ አድርጎ የማዘጋጀት ዘዴ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች በበቂ ኃይል ማውጣት አይችሉም። ስለዚህ ባለሙያው የሚሠራው ከፍ ባሉት ሃርሞኒኮች ላይ ነው፤ የጎደለውን ድምፅ የአድማጩ አእምሮ ከእነሱ ተነሥቶ ያሟላዋል።

ትንሽ ስፒከር ቤዝ የማያወጣበት ምክንያት

ስፒከር ድምፅ የሚፈጥረው ዲያፍራም የሚባለው ስስ ሽፋኑ ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሰ አየር ሲገፋ ነው። ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ የድምፁ ጉልበት እንዳይቀንስ ዲያፍራሙ 4 እጥፍ ርቀት መንቀሳቀስ አለበት። ከ160 ሄርዝ ወደ 40 ሄርዝ ሲወረድ ርቀቱ 16 እጥፍ ይሆናል። የስልክ ስፒከር ዲያፍራም ግን በጣም ትንሽ ነው፤ የሚንቀሳቀሰውም ከአንድ ሚሊሜትር ላነሰ ርቀት ነው። የባለ 4 ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ በተለመደው ቅኝት 41.2 ሄርዝ ነው።

የጎደለው መሠረታዊ ድምፅ

አንድ ክር ሲመታ የሚሰማው አንድ ድግግሞሽ ብቻ አይደለም። ከ41.2 ሄርዙ መሠረታዊ ድምፅ ጋር 82.4፣ 123.6፣ 164.8 ሄርዝ እያሉ የሚቀጥሉ ሃርሞኒኮች አብረው ይወጣሉ። መሠረታዊው ቢወገድና ሃርሞኒኮቹ ብቻ ቢቀሩ እንኳ አድማጩ የሚሰማው ያንኑ ወፍራም ኖታ ነው። ለምሳሌ 200፣ 300 እና 400 ሄርዝ አንድ ላይ ሲሰሙ፣ ኖታው የ100 ሄርዝ ሆኖ ይሰማል።

ጀርመናዊው አውጉስት ዜቤክ በሳይረን ባደረገው ሙከራ ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1841 ገልጾታል። የቀድሞው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ነበር። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ ከዚህ በታች ቢሆንም የአባት ድምፅ በስልክ የሕፃን ድምፅ መስሎ አልተሰማም።

በገና ላይም ሃርሞኒኮች ትልቅ ድርሻ አላቸው። በአውታሮቹና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። በገናው ሲደረደር አውታሩ ቆዳውን እየነካ የሚፈጥረው ንዝረት ሃርሞኒኮችን ስለሚያበዛ ወፍራሙ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል።

አሠራር

• ሃርሞኒክ መጨመር፦ የቤዙ ትራክ ቅጂ ይወሰድና በሳቹሬሽን ወይም በዲስቶርሽን ያልፋል። ከዚያ የቅጂው ዝቅተኛ ክፍል በፊልተር ተቆርጦ ከዋናው ትራክ ጋር በልክ ይቀላቀላል። ይህ በተለይ ከሮላንድ ቲአር-808 ከበሮ ለመጣው የቤዝ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ረዘም ብሎ የሚቆየው ክፍሉ ሃርሞኒክ ስለሚያንሰው በስልክ ላይ ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል።

• ኢኳላይዘር፦ 40 ሄርዝን ከፍ ማድረግ ለትንሽ ስፒከር አይጠቅምም። 6 ዴሲቤል መጨመር 4 እጥፍ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል፤ ድምፁ ግን አይወጣም። ይልቅ ከ100 እስከ 250 ሄርዝ ያለው አካባቢና የጣት አመታቱ የሚሰማበት ከ700 ሄርዝ በላይ ያለው ክፍል ይፈተሻል።

• ቦታ መልቀቅ፦ ኪቦርድና ጊታር በዚያው አካባቢ ከተጨናነቁ ቤዙን ይሸፍኑታል። ስለዚህ ዝቅተኛ ክፍላቸው ይቀነሳል።

• ኮምፕረሰር፦ በኖታዎች መካከል ያለውን የጉልበት ልዩነት ስለሚያጠብ ደካማዎቹ ኖታዎች አይዋጡም።

• ሞኖ፦ ቤዝ መሐል ላይ ይቀመጣል። በግራና በቀኝ ተቃራኒ ሆኖ የተቀረጸ ድምፅ በአንድ ስፒከር ሲጠቃለል እርስ በርሱ ይሰራረዛል።

ማረጋገጥ

ሥራው በትንሽ ስፒከር፣ በሞኖ እና በዝቅተኛ ድምፅ ይደመጣል። ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የድምፁ መጠን ሲቀንስ ጆሮ ወፍራም ድምፆችን ከመካከለኞቹ ይልቅ ደክሞ ይሰማቸዋል። በዚህ ሁኔታ የቤዙን ዜማ ከዘፈኑ ለይቶ ማንጎራጎር ከተቻለ ሚክሱ ተሳክቷል ማለት ነው። ከዚያ በትልቅ ስፒከር ተመልሶ መስማት ያስፈልጋል፤ በስልክ የጠራው ቤዝ እዚያ ሻካራ ሊሆን ይችላል።

ገደብ

ዘዴው የሚመልሰው ኖታውን እንጂ ሰውነት የሚሰማውን ንዝረት አይደለም። ደረት የሚነካው የቤዝ ግፊት ብዙ አየር መገፋትን ስለሚጠይቅ ከትንሽ ስፒከር አይገኝም። በዚህ ምክንያት የዋናው ትራክ ዝቅተኛ ክፍል አይጣልም፤ ዘፈኑ በትልቅ ስፒከር ለሚሰማ ሰው እንዳለ ይቀመጣል።