ቡድኑን ቤተኛ ያደረገው የከሰዓት ጨዋታ

የቺካጎው ሪግሊ ፊልድ ስታዲየም የውጭ ግድግዳ ጡብ ነው። በ2016 ኖቬምበር መጀመሪያ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያ ጡብ እጅ እስከሚደርስበት፣ ከዚያም በላይ በሰው ትከሻ እየተወጣ፣ በጠመኔ በተጻፈ ስም ተሞላ። ከስሞቹ ብዙዎቹ የአባት፣ የእናት፣ የአያት፣ የአጎት ናቸው። ቺካጎ ካብስ የተባለው የቤዝቦል ቡድን ዋንጫ ካነሳ 108 ዓመት ሆኖት ነበርና፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ጠመኔ ይዘው የመጡት ይህን ቀን ሳያዩ ያለፉባቸውን ሊያበሥሩ ነው። ይህን ጽናት የሚተርኩ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ሽንፈቱ ላይ ያደርጋሉ፤ አብሮ መከራ ማየት ሰዉን አስተሳሰረው ይላሉ። ማስረጃው ግን እኔን ወደዚያ አይወስደኝም። ካብስን የቤተሰብ ያደረገው የሚጫወትበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ ጨዋታውን ያለ ክፍያ እልፍኝ ድረስ ያስገባው ራዲዮና ቴሌቪዥን።

ለማመሳከር ከቺካጎ መውጣት አያስፈልግም። በዚያው ከተማ በደቡብ በኩል ዋይት ሶክስ የሚባል ሌላ ቡድን አለ። እሱም ከ1917 እስከ 2005 ድረስ 88 ዓመት ያለ ዋንጫ ኖሯል። መሸነፍ ፍቅር የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ከሌላው ብዙ ባልተለየ ነበር። የዋይት ሶክስ ደጋፊዎችም ታማኞች ናቸው፤ ነገር ግን ቡድናቸው እንደ ካብስ በመላ አገሪቱ የቤት ስም አልሆነም። መንገዱ በግልጽ የተለያየው በ1982 ነው። የዋይት ሶክስ ባለቤቶች በዚያ ዓመት አብዛኛውን ጨዋታቸውን በክፍያ ብቻ ወደሚታይ ቴሌቪዥን ወሰዱት። ካብስ ደግሞ ከ1948 ጀምሮ በሚያስተላልፈው በደብሊው ጂ ኤን ጣቢያ በነፃ መታየቱን ቀጠለ፤ ጣቢያው ከ1978 ወዲህ በሳተላይት አገር አቀፍ ሆኖ ነበር። ዝነኛው ተራኪ ሃሪ ኬሪ ሳይቀር በዚያው ዓመት ከዋይት ሶክስ ወደ ካብስ ተሻገረ።

ሰዓቱን በተመለከተ ነገሩ የሚጀምረው ከመብራት ነው። በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው የማታ ጨዋታ በ1935 በሲንሲናቲ ተደረገ፤ እስከ 1948 ድረስ ከካብስ በቀር ሁሉም ቡድኖች መብራት አስገቡ። የቡድኑ ባለቤት፣ የማስቲካው ነጋዴ ልጅ ፊሊፕ ሪግሊም በ1941 ለመብራቱ የሚሆን ብረት አስመጥቶ ነበር። ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች ማግስት ግን ብረቱን ለጦርነቱ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሪግሊ ፊልድ መብራት ያገኘው በኦገስት 1988 ነው። ስለዚህ ለአርባ ስድስት ዓመታት ያህል ቡድኑ በሜዳው የሚያደርገው ጨዋታ ሁሉ በቀን ነበር፤ አብዛኛውም በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ተኩል ገደማ ይጀመር ነበር። ፋብሪካና ቢሮ የዋለው አባወራ በዚያ ሰዓት ቤት አይገኝም። ቤት ያሉት እናት፣ ጡረታ የወጡ አያት፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚያርፍ ሠራተኛ ናቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ደግሞ ደብተሩን ሳያስቀምጥ የጨዋታውን መጨረሻ ይደርስበታል። ቤዝቦል ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጨዋታ ነው፤ እየተወራበት ይታያል፣ እየተበላበት ይሰማል። ትናንሽ ሣጥኖች ባሉበት ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ምት በእርሳስ መመዝገብ የቆየ ልማድ ነው። መቺው ሦስቴ ስቶ ከወጣ ‹ኬ› ይጻፍለታል፤ በስድስት ቁጥር የሚጠራው ተከላካይ ኳሱን ይዞ ለሦስት ቁጥሩ ወርውሮ ካስወጣው 6-3 ይባላል። ይህ ምልክት ካላሳዩት በቀር በራሱ አይገለጥም። ሰባትና ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ የሚማረው አጠገቡ ከተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው፤ በካብስ ቤት ደግሞ ያ ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ እናት ወይም አያት ነበር። ሴቶቹ ለጨዋታው እንግዳ አልነበሩም። ቡድኑ ገና ቀደም ብሎ ሴቶች በነፃ የሚገቡበት ቀን ነበረው፤ በጁን 1930 በአንድ ቀን ብቻ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሜዳው ገብተዋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የመጣው ከኢኮኖሚ ባለሙያ ነው። ቶቢያስ ሞስኮዊትዝ ከጆን ወርታይም ጋር በ2011 ባወጡት ‹ስኮርካስቲንግ› በተሰኘው መጽሐፍ፣ የካብስ ተመልካች ቡድኑ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ስለሚመጣ ባለቤቶቹ ለማሸነፍ የሚገፋፋቸው ነገር አልነበረም ይላሉ፤ ሕዝቡ ከውጤቱ ይልቅ በቢራው ዋጋ ይነካል የሚል ስሌትም አቅርበዋል። ስለ ባለቤቶቹ ያሉትን እቀበላለሁ። ታማኝነቱ ግን ዘላለማዊ ባሕርይ አይደለም፤ የተሠራበት ጊዜ አለው። በ1966 ካብስ 103 ጊዜ ተሸነፈ፤ በሴፕቴምበር አንድ ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ከፍለው የገቡት 530 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ1987 ቡድኑ ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ሲጨርስ ግን በዓመቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ገባ። በሁለቱም ዓመት ሽንፈት ነበር፤ በመካከላቸው የተለወጠው ሰዉ ነው። በስድሳዎቹ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጨዋታው የጠበቀው ልጅ በሰማንያዎቹ የራሱን ልጅ እጅ ይዞ መጣ። ሰፈሩ ስለደመቀ፣ መጠጥ ቤቱ ስለበዛ ነው የሚል ካለ ከፊሉ እውነት ነው። መጠጥ ቤት ግን የሟች አያትን ስም ግድግዳ ላይ አያስጽፍም።

ለልጅ ተሸናፊ ቡድን ማውረስ ሐዘን ማውረስ አይሆንም ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ1969 እና በ1984 በደጅ የደረሰው ድል ሲያመልጥ ያለቀሱ ልጆች ነበሩ። ያም ሆኖ ለእነዚያ ቤተሰቦች ዋንጫ በዓመት አንዴ የሚታሰብ ሩቅ ነገር ነው፤ ጨዋታው ግን ከአፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ከሞላ ጎደል በየቀኑ አለ። ኧርኒ ባንክስን የሚያህል ምስክር አላገኝም። ከ1953 እስከ 1971 ለካብስ ብቻ ተጫውቶ 512 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) መታ፤ በ1958 እና በ1959 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ለዋንጫ ምዕራፍ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያደርግ ጡረታ ወጣ። በ2015 ሲሞት ከተማው ‹ሚስተር ካብ› ብሎ የሸኘው ያላመጣውን ዋንጫ ቆጥሮ አይደለም። ሰዉ በየቀኑ ከሰዓት ቤቱ ሲገባ ያገኘው የነበረ ሰው ነው።

ድሉ የመጣው በሰው ሜዳና በሌሊት ነው። በ2016ቱ የዋንጫ ተከታታይ ጨዋታዎች ካብስ በክሊቭላንድ 3 ጨዋታ ለ 1 ከተመራ በኋላ አቻ ሆኖ፣ እዚያው ክሊቭላንድ ውስጥ ለሚደረገው ለሰባተኛውና ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ፤ ዘጠኙ ዙር 6 ለ 6 አለቀ፤ ዝናብ 17 ደቂቃ አቋረጠው፤ በአሥረኛው ዙር 8 ለ 7 ተጠናቀቀ። በቺካጎ ልጆች ከመኝታ ሰዓታቸው አልፈው እንዲያመሹ ተፈቀደላቸው። በዚያ ሌሊት አንድ ሰው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ነድቶ አባቱ ከተቀበሩበት ደረሰ። አባትና ልጅ ካብስ ለዚህ ሲበቃ ጨዋታውን አብረው ሊሰሙ ቃል ተግባብተው ነበር። ወንበሩን ዘርግቶ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀመጠና እስኪያልቅ ድረስ አደመጠ።