ሞርስ ቀረ፤ ሬዲዮው ግን አልሞተም

በአሜሪካ አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ከራሳቸው ጣቢያ ከዓለም ጋር በሚገናኙ ሰዎች ዘንድ፣ የመግቢያው በር ለረጅም ዘመን የሞርስ ኮድ ነበር። ለከፍተኛው ፈቃድ በደቂቃ 20 ቃላት መቀበል ግድ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1991 ያለ ሞርስ የሚገኝ ፈቃድ ሲመጣ ብዙ ነባሮች "ደረጃው ወረደ" አሉ። ይሁን እንጂ የግዴታው ምክንያት ራሱ እያረጀ ነበር። በ1999 መርከቦች ለአደጋ ጥሪ ሞርስን ትተው ወደ ሳተላይትና ዲጂታል ጥሪ ተሻገሩ። በ2003 የጄኔቫው ጉባኤ ጉዳዩን ለየአገሩ ተወው፤ አሜሪካም በ2007 ፈተናውን አስቀረች።

ከዚያስ? የባለፈቃዶቹ ቁጥር ከ700 ሺህ አለፈ። ሞርስም ወደውት በሚማሩት እጅ ዛሬም አየር ላይ አለ።

ነባሮቹ የዘነጉት ታሪክ አለ። የ1912ቱ ሕግ አማተሮችን ለሩቅ መገናኛ አይረባም ተብሎ ወደተናቀው፣ ከ200 ሜትር ወደሚያንስ ሞገድ ገፋቸው። በ1923 በዚያው አጭር ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው ከፈረንሳይ ጋር ተነጋገሩ። መንገዱን ያገኙት የተገፉት ናቸው።

ፈተና ሥራውን የሚጠብቅ ከሆነ ይቆይ። የቀደሙትን ወንበር ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ቢቀር ማን ይጎዳል?