ቁመትና ስንዝር፤ የመቅዘፊያ ርዝመት ከጣና እስከ ቢሾፍቱ

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚኖረው የከተማችን ሰው ከሐይቆች ሁሉ የሚቀርቡት የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። በሰሌዳ ላይ ቆሞ መቅዘፍ የሚባለው ስፖርት በዓለም እየተስፋፋ በሄደበት በዚህ ዘመን፣ መቅዘፊያ ይዞ ወደ እነዚህ ሐይቆች የሚወርድ ሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ፣ «መቅዘፊያው ምን ያህል ይርዘም?» የሚል ነው። ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለው ነው።

የጣና ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ የታወቀ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን በቆየበት ጊዜ ይህን ታንኳ አይቶ ጽፎለታል። በሥራው ይበልጥ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ሲሆኑ፣ የዘጌ ሰዎችም ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሻገሩት በዚሁ ታንኳ ነበር። ታንኳው የሚነዳው በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው። ቀዛፊው ዘንጉን ከወገቡ ይዞ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ያጠልቀዋል። ዘንጉ እንደ ባሕር ማዶው መቅዘፊያ ሰፊ ምላስ ስለሌለው፣ ውሃውን የሚገፋው በስፋቱ ሳይሆን በርዝመቱ ነው። የጣና ጥልቀት ከ14 ሜትር ብዙ አይበልጥምና፣ በዳር በዳሩ ያው ዘንግ መሬቱን ተመርኩዞ ታንኳውን ለመግፋት ያገለግላል። እንግዲህ ርዝመቱን የወሰኑት የቀዛፊው ቁመት፣ የአቀማመጡ ሁኔታና የውሃው ጥልቀት ናቸው ማለት ነው።

ዓለም ግን ያደነቀው ታንኳውን እንጂ ዘንጉን አይደለም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በጥንታዊ የደንገል መርከብ አትላንቲክን ለመሻገር ባሰበ ጊዜ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። «ራ» የተባለችው የመጀመሪያዪቱ መርከብ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ስትነሣ፣ ጉዞው ገና ከመጀመሩ የመሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ፤ ደንገሉ ግን ከዚያ በኋላ ሳምንታት ሙሉ ተንሳፈፈ። በ1962 ዓ.ም. የተነሣችው ሁለተኛዪቱ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። መርከብ ያለ ልኩን የጠበቀ መቅዘፊያ ምንኛ ጎደሎ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሃዋይ ደሴቶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ የሞገድ ጋላቢ አስተማሪዎች፣ ተማሪዎቻቸውን ከፍ ብለው ለማየት ሲሉ በረጅም ሰሌዳ ላይ ቆመው በታንኳ መቅዘፊያ ይቀዝፉ ነበር። ቆየት ብለው ይህን ልማድ ያነሣሡት ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ ለተቀማጭ የተሠራው መቅዘፊያ ለቋሚ ሰው ስላጠረባቸው ረዘም ያለ አሠርተዋል።

ዛሬ ተቀባይነት ያገኘው ልክ ቀላል ነው። በረጋ ውሃ ለሚጓዝ ሰው መቅዘፊያው ከቁመቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሞገድ ለሚጋልብ፣ ጎንበስ ስለሚልና ቶሎ ቶሎ ስለሚቀዝፍ፣ ብልጫው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ከሥሩ ክንፍ ተገጥሞለት ፍጥነት ሲያገኝ ከውሃው በላይ በሚነሣው፣ ፎይል በሚባለው ሰሌዳ ላይ ደግሞ፣ ለመነሣት አጫጭርና ፈጣን ምት ስለሚያስፈልግ፣ ብዙዎች ከቁመታቸው ብዙም ያልራቀውን ይመርጣሉ። መቅዘፊያው ከልክ ሲረዝም የላይኛው እጅ ከራስ በላይ ወጥቶ ትከሻን ያደክማል፤ ሲያጥር ምላሱ ሳይሰጥም ይቀርና ወገብ ይጎብጣል።

ይህንኑ በአባቶቻችን መለኪያ ብንናገረው ከማንኛውም ሴንቲ ሜትር ይቀለናል። ለረጋ ውሃ ቁመትና አንድ ስንዝር፣ ለሞገድ ቁመትና አንድ ጋት፣ ለፎይል ራሱ ቁመት። ክንድ፣ ስንዝርና ጋት ከሰው ገላ የተወሰዱ ስለሆኑ ከባለቤታቸው ጋር አብረው ያድጋሉ፤ ረጅም ሰው ረጅም ስንዝር አለውና። ነገር ግን የአንዱን ውሃ ልክ ለሌላው መስጠት አይገባም። ከ80 ሜትር በላይ በሚጠልቀው የቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ የጣና ዘንግ የሚመረኮዝበት መሬት አያገኝም።

የማኅበራችን አባላት ሊያስቡበት የሚገባው ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። የጣና ታንኳ እያነሰ፣ በሞተር ጀልባና በሌሎች ጀልባዎች እየተተካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታየው እምቦጭም የሐይቁን ዳርቻ አስጨንቋል። የታንኳው አሠራር በፎቶግራፍና በጽሑፍ ይቆይ ይሆናል፤ የዘንጉ ልክ ግን የሚኖረው በቀዛፊው እጅ ብቻ ነው። ሥራው ሲቀር ልኩም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ሜትር ይዞ ወደ ጣና የሚሄድ ባለሙያ የዘንጉን ርዝመት ብቻ መዝግቦ መመለስ አይበቃውም። የቀዛፊውን ቁመት፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መቅዘፉንና የሚቀዝፍበትን ውሃ ጥልቀት አብሮ ሊጽፍ ይገባል። ባለቤቱ ያልተጻፈለት ልክ ቁጥር እንጂ ዕውቀት አይደለምና።